ክለቡ የጌቶች፣ ሜዳው የከተማው

ጎልፍ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ የተከረከመ ሣር፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ባለሀብቶችና ዲፕሎማቶች፤ ከአጥሩ ወዲህ ዘበኛና መንገደኛ። በዓለም እጅግ ዝነኛ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ግን እንዲህ አይደለም። በመሃሉ የሕዝብ መንገድ ያቋርጠዋል። ትልቅ ውድድር ከሌለ በቀር እሁድ እሁድ አንድም ሰው አይጫወትበትም፤ የከተማው ነዋሪ ልጁንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

ሜዳው የሚገኘው በስኮትላንድ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ፣ ሴንት አንድሩስ በምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ስሙ "ኦልድ ኮርስ" ነው፤ አሮጌው ሜዳ እንደማለት። ከመጀመሪያው መምቻ ጀርባ አንድ ግርማ ሞገስ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። የ"ሮያል ኤንድ ኤንሸንት" ጎልፍ ክለብ ቤት ነው። ፎቶ ለመነሳት የሚመጣው ቱሪስት ሜዳውም የዚሁ ክለብ ይመስለዋል። አይደለም። ሕንፃው የክለቡ ነው፤ መሬቱ የከተማው ነው። ነገሥታትን በአባልነት የመዘገበው ክለብ እስከ ዛሬ የሚጫወተው በሰው መሬት ላይ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ታሪኩ ስለ ጎልፍ ብቻ አይደለም። የጋራ መሬት እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚተርፍም ይናገራል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልፍ በስኮትላንድ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለው እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ነው። በ1457 በንጉሥ ጄምስ 2ኛ ዘመን የተሰበሰበው ፓርላማ እግር ኳስና ጎልፍ ጨርሶ እንዲቀሩ አወጀ። ምክንያቱ ጦርነት ነበር። እንግሊዝ በደቡብ በኩል ታሰጋለች፤ ወጣቱ ግን የቀስት ልምምዱን ትቶ ኳስ ይመታል። አዋጁ በ1471 ተደገመ፤ በ1491 ደግሞ ተሠለሰ። አንድ አዋጅ 3 ጊዜ ከታወጀ ሕዝቡ አልሰማም ማለት ነው። በ1502 ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት ንጉሥ ጄምስ 4ኛ የጎልፍ ዱላ እንደገዛ በቤተ መንግሥቱ የወጪ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዱላውን የሸጠለት ደግሞ የፐርዝ ከተማ ቀስት ሠሪ ነበር። ከልካዩ ራሱ ተጫዋች ሆነ።

በሴንት አንድሩስ ዳርቻ ያለው መሬት አሸዋማ ነው፤ አጭር ሣር ይበቅልበታል እንጂ ለእርሻ አይሆንም። ስኮትላንዶች እንዲህ ያለውን የባሕር ዳር መሬት "ሊንክስ" ይሉታል። ማንም የማይፈልገው መሬት ስለነበር የሁሉም ሆኖ ቆየ። ነዋሪው ከብት ያግድበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል፣ ቀስት ይለማመድበታል።

በ1552 ግን መሬቱን የሚፈልግ ሰው መጣ። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በሊንክሱ ላይ ጥንቸል ማርባት አሰቡ። ከነዋሪው ጋር ተስማሙና ሰነድ ተጻፈ። ሊቀ ጳጳሱ ጥንቸላቸውን ያረባሉ፤ ነዋሪው ደግሞ በሊንክሱ ላይ ጎልፍ፣ እግር ኳስ፣ ቀስትና ሌላውንም ጨዋታ የመጫወት መብቱ እንደተጠበቀ ይቆያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሰነዱ ለነዋሪው አዲስ መብት አልሰጠውም። ድሮም በእጁ የነበረውን ነው በጽሑፍ ያሰፈረለት። የዚያን ቀን ብዙም ያልመሰለው ይህ ወረቀት ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ ከተማዋን ይታደጋታል።

ክለቡ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1754 የፋይፍ አውራጃ 22 መኳንንትና ጌቶች ገንዘብ አዋጥተው ከብር የተሠራ የጎልፍ ዱላ ለሽልማት አቀረቡ። ሐሳቡን የወሰዱት ከኤድንብራ ነበር። እዚያ ከ10 ዓመት በፊት፣ በ1744፣ ከተማው ራሱ የብር ዱላ ሰጥቶ ውድድር ተደርጓል፤ 13 የጨዋታ ደንቦችም ተጽፈዋል። ያንን ውድድር ያሸነፈው ጆን ራትሬ የተባለ ሐኪም ነው። የሴንት አንድሩስ ሰዎችም ደንቦቹን እንዳሉ ወሰዱ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አሸናፊያቸው ዊልያም ላንዴል የተባለ የከተማዋ ነጋዴ ሆነ።

የውድድሩ ወግ ቀላል ነበር። ያሸነፈ ሰው ለአንድ ዓመት ካፒቴን ይሆናል፤ በጨዋታ ላይ ክርክር ሲነሳ እሱ ይዳኛል። ሲሰናበት ከብር የተሠራች ኳስ አሠርቶ በዱላው ላይ ያንጠለጥላል። አንዱ ዱላ በኳስ ሲሞላ ሌላ እየተጨመረ ወጉ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዱላው የክለቡ የዘር ሐረግ ሆነ ማለት ነው፤ ኳሶቹን የቆጠረ ካፒቴኖቹን ይቆጥራል።

ዛሬ በመላው ዓለም አንድ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓድ እንዲኖረው የሚጠበቀውም ከዚሁ ሜዳ የተነሳ ነው። በሴንት አንድሩስ ጨዋታው መጀመሪያ 22 ጉድጓድ ነበር። በ1764 የመጀመሪያዎቹ 4 ጉድጓዶች አጭር ናቸው ተብሎ ወደ 2 ተዋሃዱ። ሲሄዱም ሲመለሱም የሚጫወቱባቸው ስለነበሩ ከ22ቱ 4 ተቀንሶ 18 ቀረ። በ18 ቁጥር ውስጥ የተለየ ምስጢር የለም። ሜዳው ያንን ያህል ስለሆነ ብቻ ነው፤ ዓለም ግን ተከተለው።

እነዚህ ጌቶች ሲጀምሩ የራሳቸው ቤት አልነበራቸውም፤ መሬትም አልነበራቸውም። የሚጫወቱት በከተማው ሊንክስ ላይ፣ ልብስ በምታሰጣው ሴትና ከብት በሚጠብቀው እረኛ መካከል ነበር።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት በዕዳ ተዘፈቀ። በ1797 ሊንክሱን ሸጠው። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ጥንቸል እያረቡ ሥጋና ቆዳ በሚነግዱ ሰዎች እጅ ገባ። የሊቀ ጳጳሱ ጥንቸል ጥቂት ነበር፤ የነጋዴዎቹ ግን በብዙ የሚረባ ነው። ጥንቸል ጉድጓድ ይቆፍራል። ሜዳው ተበሳሳ፤ ኳስ የገባበት አይታወቅም፤ እግረኛ ይሰናከላል።

የክለቡ ሰዎችና ነዋሪው አንድ ላይ የቆሙት በዚህ ጊዜ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ለንደን የጌቶች ምክር ቤት ድረስም ደረሰ። በክርክሩ መሃል ነዋሪው በጎልፍ ሜዳው ላይ ያገኘውን ጥንቸል መግደል ይችላል የሚል ውሳኔም ተሰጥቶ ነበር። የዚህ ትርጉም ከችሎቱ ውጭ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በአንድ በኩል የጥንቸል ጠባቂ፣ በሌላ በኩል ዱላና ውሻ የያዘ የከተማ ሰው። ግጭቱ ሁለት አስርት ዓመታት ያህል ቆየ፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም "የጥንቸል ጦርነት" ይሉታል። በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ ጎረቤት ባለርስት፣ እሱም ጎልፍ ተጫዋች ነበረና፣ መሬቱን ገዛው፤ ጎልፉም ቀጠለ።

እዚህ ላይ ያለውን ምጸት ማለፍ አይቻልም። መኳንንቱ በፍርድ ቤት ስለ ሜዳው ሲከራከሩ መሠረታቸው የራሳቸው ማዕረግ አልነበረም። የእረኛውና የልብስ አጣቢዋ የጋራ መብት ነበር። ነዋሪው በሊንክሱ ላይ መብት ባይኖረው ኖሮ ጌቶቹም ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክለቡ እየከበረ ሄደ። በ1834 ንጉሥ ዊልያም 4ኛ ደጋፊው ሆኖ "ሮያል ኤንድ ኤንሸንት" የሚለውን ስም አገኘ፤ ንጉሣዊና ጥንታዊ ማለት ነው። በ1854 ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ተሠራ። የእጅ ባለሙያው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። በ1843 የከተማዋ ሠራተኞች የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ፤ ዛሬ የሴንት አንድሩስ ጎልፍ ክለብ የሚባለው እሱ ነው። አንድ ሜዳ፣ ሁለት ክለብ። በሌላ አገር ቢሆን አንዱ ሌላውን ባስወጣ ነበር። እዚህ ግን ሜዳው የሁለቱም ስላልሆነ አስወጪም ተወጪም አልነበረም።

ጨዋታው ወደ ታች እንዲወርድ ያደረገው ሌላው ነገር የኳሱ ዋጋ ነው። ያኔ ኳስ የሚሠራው ቆዳ ሰፍቶ በዝይ ላባ ጠቅጥቆ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ በቀን ጥቂት ብቻ ይሠራል፤ ስለዚህ ውድ ነው። በ1848 አካባቢ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ መጣ። በከተማዋ የታወቀው ላባ ኳስ ሠሪ አላን ሮበርትሰን አዲሱን ኳስ አምርሮ ጠላው። ረዳቱ ቶም ሞሪስ ግን በሙጫ ኳስ ሲጫወት ተገኘና ተጣሉ። ሞሪስም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፕሬስትዊክ ክለብ ሄደ። ሮበርትሰን በ1859 ሲሞት ተወዳዳሪ የሌለው የዘመኑ ተጫዋች ይባል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፕሬስትዊክ የእሱን ቦታ የሚይዝ ማን እንደሆነ ለመለየት 8 ባለሙያዎችን አወዳደረ። ዛሬ "ዘ ኦፕን" የሚባለው ታላቅ ውድድር የተጀመረው በዚህ መልክ ነው።

ሽልማቱ ቀይ የቆዳ ቀበቶ ነበር፤ 3 ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ለራሱ ይወስደዋል ተብሎ ተደነገገ። የቶም ሞሪስ ልጅ፣ ትንሹ ቶም፣ በ1868፣ በ1869 እና በ1870 አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደው። በ1871 የሚሸለም ነገር ስላልነበረ ውድድሩ ራሱ ሳይካሄድ ቀረ! ከዚያ 3 ክለቦች ተባብረው እስከ ዛሬ የሚሸለመውን የብር ማንቆርቆሪያ አሠሩ፤ ውድድሩም በየተራ እንዲዘጋጅ ተስማሙ።

በ1873 ተራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሴንት አንድሩስ ሆነ። ያሸነፈው ቶም ኪድ ነበር። ኪድ ጌታ አይደለም፤ የከተማዋ ካዲ ነው። ካዲ ማለት የተጫዋቹን ዱላዎች እየተሸከመ አብሮት የሚዞርና ምክር የሚሰጥ ሰው ነው። ሽልማቱ 11 ፓውንድ ነበር። በ2022 በዚሁ ሜዳ 150ኛው ውድድር ሲደረግ አሸናፊው አውስትራሊያዊ ካሜሮን ስሚዝ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። አንድ ካዲ ያኔ ሊያሸንፍ የቻለው ስለፈቀዱለት አልነበረም። ያደገበትን ሜዳ ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ነው።

የክለቡና የካዲዎቹ ግንኙነት በግልጽ የሚታይበት አንድ ወግ አለ። በጊዜ ብዛት ካፒቴንነት በውድድር መሆኑ ቀርቶ በምርጫ ሆነ። ይሁን እንጂ የድሮው ደንብ እንዳይሻር አንድ ዘዴ ተበጀ። በየዓመቱ በመስከረም ወር ማለዳ ላይ አዲሱ ካፒቴን ብቻውን ወደ መጀመሪያው መምቻ ይወጣል። አንድ ጊዜ ይመታል፤ መድፍ ይተኮሳል። ሌላ ተወዳዳሪ ስለሌለ የብር ዱላውን "አሸነፈ" ይባላል። ካዲዎቹ ደግሞ በሜዳው ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ኳሷን ተሻምቶ ያመጣላት ካዲ ከካፒቴኑ እጅ የወርቅ ሳንቲም ይቀበላል።

ወጉ ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ሰው በአንድ ምት ማዕረግ ይወስዳል፣ ሌሎቹ ሳንቲም ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ያስከፋል። በሌላ በኩል ደግሞ ካዲዎቹ የሚቆሙበት ርቀት በራሱ ፍርድ ነው። ካፒቴኑ ደካማ መቺ ነው ብለው ካመኑ ቀረብ ብለው ይቆማሉ፤ ሹመቱን የሚያየው ሕዝብም ገብቶት ይስቃል። ጌታውን ሳይናገሩ የሚመዝኑበት መንገድ መሆኑ ነው።

ትንሹ ቶም ገና በ24 ዓመቱ አረፈ። ትልቁ ቶም ሞሪስ ግን ቀድሞ በ1864 የሜዳው ጠባቂ ሆኖ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ነበርና እስከ እርጅናው ሠራበት። የእሁድ ዕረፍት ከእሱ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ ተጫዋቹ ባይደክመው እንኳ ሜዳው ይደክመዋል ይል ነበር ይባላል። ሃይማኖትም ነበረበት፣ የሣር ጥበቃም ነበረበት። ውጤቱ ግን ከሁለቱም ይልቃል። በሳምንት አንድ ቀን ሜዳው የማን እንደሆነ ለሁሉም ይታያል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመሬቱ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የቺፕ ቤተሰብ ለመሸጥ ሲነሳ ክለቡ ገዢ ሆኖ ቀረበ። ነዋሪው ዝም ብሎ አላየም። በ1894 ፓርላማው ባወጣው ልዩ ሕግ ሊንክሱ ወደ ከተማው እጅ ተመለሰ። ክለቡ ሜዳውን እንዲንከባከብና ሁለተኛ ሜዳ እንዲሠራ ተስማማ፤ በ1895 የተከፈተው ሜዳ "ኒው ኮርስ" ተባለ። በ1974 የአካባቢ አስተዳደሩ እንደ አዲስ ሲዋቀር ሌላ ሕግ ወጣና ሜዳዎቹን የሚያስተዳድር የባለአደራ ተቋም ተፈጠረ። ዛሬ ተቋሙ 7 ሜዳዎችን ይመራል። ትርፍ የሚከፈለው ባለአክሲዮን የለውም።

በአሮጌው ሜዳ ለመጫወት የክለብ አባል መሆን አያስፈልግም። ከሚጫወቱባቸው መንገዶች አንዱ ዕጣ ነው። ስሙን አስመዝግቦ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ የባንክ ባለቤትም ይሁን አናጢ፣ ተራው ሲደርስ ይመታል። የከተማዋ ነዋሪ ደግሞ በዓመታዊ ትኬት በዝቅተኛ ዋጋ ይጫወታል።

ይህ ሁሉ ገነት ነው ማለት አይደለም። የውጭ እንግዳ በበጋ ለአንድ ዙር ከ300 ፓውንድ በላይ ይከፍላል፤ ይህ ለአናጢው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሜዳው ክፍት ሆኖ የክለቡ በር ደግሞ ለ260 ዓመት ለሴቶች ተዘግቶ ኖሯል። የከተማዋ ሴቶች በ1867 የራሳቸውን ክለብ አቋቁመው በአጭር ምት ብቻ ይጫወቱ ነበር፤ ሴት ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አንስታ መምታቷ ነውር ነበርና። በ2007 ሴት ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአሮጌው ሜዳ ትልቅ ውድድር አደረጉ። የክለቡ አባላት በራቸውን ለመክፈት የወሰኑት ከዚያም 7 ዓመት ዘግይተው፣ መስከረም 18 ቀን 2014 ነው። ዕለቱ ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትገንጠል አትገንጠል ብላ ድምፅ የሰጠችበት ቀን ነበር። አገሪቱ ለውጡን አልፈለገችም፤ ክለቡ ግን በ85 በመቶ ድምፅ ተለወጠ። በቀጣዩ ዓመት በክብር አባልነት ከተቀበላቸው ሴቶች አንዷ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሬኒ ፓወል ናት። አባቷ ቢል ፓወል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ጥቁር ስለሆነ ሜዳ ተከልክሎ፣ በኦሃዮ በገዛ እጁ ሜዳ የሠራ ሰው ነበር።

ሁለቱን ማወዳደር ያስተምራል። የክለቡ በር የተከፈተው አባላቱ ሲፈልጉ ነው፤ 260 ዓመት ፈጀ። ሜዳው ግን የማንንም በጎ ፈቃድ አልጠበቀም። የበጎ ፈቃድና የመብት ልዩነት ይኸው ነው።

"የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም" የሚል አባባል አለ። የጋራ መሬት ለመሸጥ ለሚቸኩል ሹም ሁልጊዜ ጥሩ ሰበብ ይሆናል። የሴንት አንድሩስ ታሪክ በከፊል ያረጋግጠዋል፤ ምክር ቤቱ በ1797 ሜዳውን የሸጠው ዕዳ ስለነበረበትና ባለቤቱ ማን እንደሆነ የረሳ ስለመሰለው ነው። በከፊል ደግሞ ያፈርሰዋል። ሜዳውን ያተረፉት 3 ነገሮች ናቸው፦ የተቀመጠ ወረቀት፣ ያልተቋረጠ አጠቃቀምና መብቱ ሲነካ ዝም የማይል ሕዝብ። ወረቀቱ ብቻውን ቢሆን በመዝገብ ቤት ይበሰብስ ነበር። አጠቃቀሙ ብቻውን ቢሆን አንድ የሽያጭ ውል ያስቆመው ነበር። ጩኸቱም ብቻውን ቢሆን በፍርድ ቤት ፊት የሚያሳየው አይኖረውም ነበር።

ያ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በ2023 መጀመሪያ ላይ ባለአደራው ተቋም በሜዳው ላይ ባለችው ጥንታዊ የስዊልካን ድልድይ እግር ሥር የድንጋይ ንጣፍ አነጠፈ። ፎቶ የሚነሳው ሰው ብዛት ሣሩን ስለጨረሰው ነበር። ሰው በአንድ ድምፅ ተቃወመ፤ ንጣፉም በቀናት ውስጥ ተነሳ። ለጥቂት ድንጋይ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን ያስብላል። በጥቂት ድንጋይ የማይጮህ ከተማ ግን ሜዳው ሙሉ በሙሉ ሲሸጥ የሚነቃው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው።

በብር ዱላዎቹ ላይ የተንጠለጠሉት ኳሶች የካፒቴኖችን ስም ይነግሩናል። ሜዳውን ያቆዩት የአብዛኞቹ ስም ግን የትም አልተጻፈም። ጥንቸል ያሳደዱት፣ ከብት ያገዱት፣ ልብስ ያሰጡት፣ በየሳምንቱ በሜዳው ላይ በመመላለስ ብቻ "ይህ የእኛ ነው" ያሉት እነሱ ናቸው። ክለቡ በየዓመቱ ካፒቴን ይቀይራል፤ ባለመሬቱ ግን እስካሁን አልተቀየረም።